የኮምፒዩተርን ሥርዓት ስለ መለወጥና ቤተ ሰብ ሊያደርገው ስለሚገባው ጥንቃቄ

በዱሮ ዘመን የአንድ ቤተ ሰብ ውልና ደብዳቤ፥ የትውልድም ማስታወሻ ሁሉ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ እንደ ነበረ፤ የሣጥኑም መክፈቻ ከቤቱ ባለቤት ወይም ከታመነ አዛዥ እጅ እንደማይለይ የታወቀ ነው። በዛሬው ዘመን የዚያን ሣጥን ቦታ የያዘው ኮምፒዩተር ሁኗል። የልጆች ፎቶግራፍ፥ የውል ቅጂ፥ የትምህርት ማስረጃ፥ በሕይወት የሌሉ ወላጆች ድምፅ ሳይቀር በዚሁ መሣሪያ ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ስለዚህ ኮምፒዩተርን የሚመለከት ነገር የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ ነው ብሎ መተው ለአባወራም ሆነ ለእማወራ የሚገባ አይደለም።

ለኮምፒዩተር ሁሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፥ በአማርኛም ሥርዓተ ክወና የሚባል የውስጥ አስተዳዳሪ አለው። የዚህን ነገር ሥራ ለመረዳት የትልቅ ቤት አዛዥን ማሰብ ይበቃል። ጌታው ወይም እመቤቲቱ አንድ ቃል ሲናገሩ አዛዡ ትእዛዙን ለወጥ ቤቱም ለጠጅ ቤቱም ለዕቃ ቤቱም እያደረሰ ሁሉን በየሥራው ያሰማራል። ሥርዓተ ክወናም እንደዚሁ የባለቤቱን ትእዛዝ ተቀብሎ ጽሑፉን ወደ ማተሚያው ይልካል፤ ፎቶግራፉን በመዝገብ ያኖራል፤ እንግዳ ሲመጣም ይግባ ወይም አይግባ ብሎ በሩን ይጠብቃል።

በቤት ኮምፒዩተር ላይ በብዛት የታወቁት ሦስት ናቸው። ፊተኛው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1985 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው ዊንዶውስ ነው። ሁለተኛው አፕል የተባለው ኩባንያ በ1984 ዓ.ም. ካወጣው ማኪንቶሽ ጀምሮ በራሱ መሣሪያዎች ላይ የሚያኖረው፥ ዛሬ ማክ ኦኤስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ሦስተኛው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሲማር በ1991 ዓ.ም. የጀመረው፥ ከዚያም በዓለም ያሉ አያሌ ባለሙያዎች እየተባበሩ ያሳደጉት ሊኑክስ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሰው የለመደውን አዛዥ አሰናብቶ ያልለመደውን የሚቀጥረው ስለምን ነው? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል እየሰማን ስላደግን ነገሩ ያለ ምክንያት የሚደረግ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበረታው ግን የአዲሱ ውበት ሳይሆን የአሮጌው አገልግሎት ማክተም ነው። ሥርዓቱን የሠራው ኩባንያ ለጥቂት ዓመታት ጉድለቱን እያረመ፥ ሌባ የሚገባበትንም ቀዳዳ እየደፈነ ማሻሻያ ይልካል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ይህን ሥራ ያቆማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣውና በብዙ ቤት የተወደደው ዊንዶውስ ኤክስ ፒ እንዲህ ያለው ማሻሻያ የተቋረጠበት ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በ2015 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ዓ.ም. ተራው ደረሰ፤ ምንም እንኳ ኩባንያው ለፈለጉ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ዓመት የሚሰጥበትን መንገድ ቢያበጅም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የተቸገረበት ምክንያት ተተኪው ዊንዶውስ 11 በ2021 ዓ.ም. ሲወጣ ቲ. ፒ. ኤም. 2.0 የተባለ የደኅንነት መሣሪያና ከተወሰነ ዓመት ወዲህ የተሠራ የኮምፒዩተር አንጎል የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። ስለዚህም ብርቱና ጤነኛ የሆነ፥ ጽሑፍ ለመጻፍና ፎቶግራፍ ለማየት ምንም የማይጐድለው አያሌ መሣሪያ ወደ አዲሱ ሥርዓት እንዳይገባ በሩ ተዘጋበት። ባለቤቱም አዲስ መሣሪያ ይገዛል፥ ወይም ጠባቂ በሌለው ቤት ይቀመጣል፥ ወይም አሮጌውን መሣሪያ ወደማይንቀው ወደ ሊኑክስ ይሻገራል።

ጠባቂ በሌለው ቤት መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያስፈራ በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. ታይቷል። ዋናክራይ የተባለው ጐጂ ፕሮግራም በጥቂት ቀን ውስጥ በ150 ያህል አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ወርሮ፥ የባለቤቶቹን መዝገብ በምሥጢር ቈልፎ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልከፍትም ይል ነበር። በእንግሊዝ አገር የሐኪም ቤቶች ኮምፒዩተሮች ተይዘው የበሽተኞች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሰ። ይህ ቀዳዳ የሚደፈንበት ማሻሻያ ግን ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ ጥቃቱ የደረሰባቸውም በአመዛኙ ማሻሻያውን ያልተቀበሉ ነበሩ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ የሚለው ምክር እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል።

ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። ሊኑክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኝ ስለሆነ ብዙ መሣሪያ ላለው መሥሪያ ቤት የሚያድነው ወጪ ቀላል አይደለም። የፈረንሳይ አገር ጃንደርሜሪ፥ ማለት በወታደር ሥርዓት የሚተዳደረው የፖሊስ ሠራዊት፥ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ነው። ሠራዊቱ ነገሩን በአንድ ቀን አላደረገውም። በ2005 ዓ.ም. በመጀመሪያ የጽሕፈት ፕሮግራሙን ብቻ ለወጠ፤ በማግሥቱ ዓመት የኢንተርኔት ማሰሻውን ለወጠ፤ ሠራተኛው እነዚህን ከለመደ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ኡቡንቱ ወደተባለው የሊኑክስ ዓይነት መሻገር ጀመረ። በዚያን ጊዜ ዊንዶውስ ቪስታ የተባለው አዲስ ሥርዓት ወጥቶ ስለ ነበር ሠራተኛውን እንደ ገና ማስተማር በየትኛውም መንገድ የማይቀር ሁኖ ታየ፤ ትምህርቱ ካልቀረ ወጪው ወደሚቀንስበት መሄድ ይሻላል ተባለ። በዚህ አኳኋን በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ መሣሪያዎች ተሻገሩ።

ሦስተኛው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። ሥዕል የሚያዘጋጅ፥ ሙዚቃ የሚቀርጽ፥ ፊልም የሚያቀናብር ሰው ለሙያው የሚስማማ ፕሮግራም ስላገኘ ወደ ማክ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀምበት ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቢወድም ባይወድም በዚያው ይጸናል። በ2006 ዓ.ም. አፕል ኢንቴል በተባለው ኩባንያ የተሠራውን አንጎል መጠቀም ሲጀምር በአንድ መሣሪያ ላይ ማክንም ዊንዶውስንም ማኖር ተቻለ፤ ይህም ለመሻገር ይፈሩ የነበሩትን ብዙዎች አደፋፈረ፤ የመመለሻው መንገድ ክፍት ሁኖ ታይቷቸዋልና። ወጣቶችም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። የኮምፒዩተር ጨዋታ በአብዛኛው ለዊንዶውስ ይሠራ ስለ ነበር ብዙ ወጣት ከዚያ አይወጣም ነበር፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ፕሮቶን የሚባለውን አስማሚ ፕሮግራም ስላወጣ አያሌ የዊንዶውስ ጨዋታዎች በሊኑክስም ይከፈቱ ጀመር።

አራተኛው ምክንያት በራስ የመተዳደር ፍላጎት ነው። አንዳንድ ሰው አዛዡ የቤቱን ምሥጢር ለውጭ ሰው የሚያወራ መስሎ ከታየው ደስ አይለውም። ኮምፒዩተሩ ስለ አጠቃቀሙ ወሬ ወደ ኩባንያው መላኩ፥ ሳይጠየቅ ማስታወቂያ ማሳየቱ፥ ባለቤቱ በሥራ ላይ ሳለ ማሻሻያ ልጫን ብሎ ማቋረጡ ያስቈጣዋል። መንግሥታትም ይህን ያስባሉ። በጀርመን አገር ሽሌስቪግ ሆልሽታይን የተባለው ክፍለ አገር በ2024 ዓ.ም. ወደ 30,000 የሚጠጉ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን ቀስ በቀስ ወደ ሊኑክስና ወደ ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም ለማዛወር መወሰኑን ሲገልጽ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ የሕዝቡን መዝገብ በራሱ ሥልጣን ሥር ለማኖር መፈለጉ ነበር።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚደክመው ምክንያት የሰው ወሬና የጊዜው ሞድ ነው። ጐረቤት ስለ ገዛ፥ ወዳጅ ስላመሰገነ፥ ማስታወቂያም ስለ ማረከ መሣሪያውን የሚለውጥ ሰው ጥቂት አይደለም። አፕል በ2002 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ወደ ማክ የተሻገሩ ሰዎችን እያቀረበ በራሳቸው አንደበት ሲያናግራቸው የዋለው፥ ሰው ከመሐንዲስ ቃል ይልቅ የመሰሉን ምስክርነት እንደሚያምን ስላወቀ ነው። ምስክርነት መስማት ነውር የለውም። ነገር ግን የምስክሩ ሥራና የእኛ ሥራ አንድ ካልሆነ ለእርሱ የተመቸው ለእኛ ሊጐረብጠን ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ መባሉ ስለዚህ ነው።

ሄዶ መመለስም እንዳለ መዘንጋት አይገባም። የጀርመን ታላቅ ከተማ የሆነችው ሙኒክ በ2003 ዓ.ም. ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ለመሻገር ወስና፥ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ወደ 15,000 የሚጠጉ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን አሻገረች። ዳሩ ግን ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከሚልኩት ጽሑፍ ጋር አለመስማማቱና አንዳንድ አስፈላጊ ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ብቻ መሥራታቸው ቅሬታ ስላስነሣ፥ የአስተዳዳሪዎቹም አሳብ ስለ ተለወጠ፥ የከተማው ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ወደ ዊንዶውስ መመለስን ወሰነ። የፈረንሳይ ሠራዊት የጸናበትን የሙኒክ ከተማ ስለምን አልጸናችበትም ብሎ የሚከራከር ብዙ ነው። ለቤተ ሰብ የሚጠቅመው ትምህርት ግን አንድ ነው፤ የሚወስነው የሥርዓቱ ስም ሳይሆን የዕለት ሥራው ከአዲሱ ጋር መስማማቱና አለመስማማቱ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሰውን ስለሚያስለቅቀው ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ ሰውን ስለሚያስቀረው ነገር እንናገር። የሚያስቀረው አንዱ ልማድ ነው፤ እጅ የለመደውን ቦታ ሳያይ ያገኛል፥ ያልለመደውን ግን እያየ ይስታል። ሌላውና የሚበረታው ግን በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ የተከማቸው ንብረት ነው። አንድ ፕሮግራም ብቻውን በሚያውቀው አኳኋን የመዘገበው ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት ይበላሻል፥ ወይም ፈጽሞ አይከፈትም። ስልክም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በአንድሮይድ ስልክ የተገዛ ፕሮግራም ወደ አይፎን ሲሄዱ አብሮ አይሄድም። እንግዲህ ብዙ ሰው በአንድ ሥርዓት የሚኖረው ወዶት ሳይሆን ንብረቱ ታስሮበት ነው ማለት ይቻላል።

በተለይ እኛ በፊደላችን ምክንያት ይህን ችግር ከሌላው ይልቅ ቀምሰነዋል። በመጀመሪያው ዘመን የኮምፒዩተር የፊደል ሠንጠረዥ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ብቻ ነበረው። የኛ ፊደል ግን ከነእርባታው፥ ከነዲቃላው፥ ከነአኃዙና ከነምልክቱ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ ባለሙያዎች በየበኩላቸው ብልሃት እየፈጠሩ የአማርኛውን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። አንዱ ሀን ባኖረበት ስፍራ ሌላው ለን ያኖር ስለ ነበር በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው አይነበብም። በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ በሦስተኛው እትሙ የግዕዝን ፊደል ስለ ጨመረ ለእያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ ቍጥር ተሰጠው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፊደል ከራሱ ጋር ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ የፊደሉ ቅርጽ በተጫነበት ሥርዓት ሁሉ ይነበባል። ከዚያ በፊት የተጻፈው ግን በያለበት ተቀምጦ ቀርቷል።

በአንድ ወዳጃችን ቤት የደረሰው ነገር ለዚህ ማስረጃ ይሆናል። አባታቸው ረጅም ዘመን በመንግሥት ሥራ ያገለገሉ ሰው ስለ ነበሩ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሕይወት ታሪካቸውን በቤት ኮምፒዩተር ላይ ሲጽፉ ኖሩ። እርሳቸው ካረፉ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጆቻቸው መሣሪያው ስላረጀ ከሌላ ሥርዓት ጋር አዲስ ገዙ፤ መዝገቡንም ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ገለበጡ፤ አሮጌውንም ወደ ዕቃ ቤት ጣሉት። ለሙት ዓመቱ መታሰቢያ ጽሑፉን ለማሳተም አስበው ቢከፍቱት ግን ከላቲን ፊደልና ከምልክት ዝብርቅርቅ በቀር አንድም የአማርኛ ቃል አላገኙም። ትልቁ ልጅ መዝገቡ ተበላሽቷል ብሎ ተስፋ ቈረጠ።

ታናሽ እኅቱ ግን፥ «ጋሼ፥ የተበላሸው ጽሑፉ ባይሆንስ? አባባ የጻፉበት ፊደል በዚህኛው ላይ የለም ይሆናል፤ እስቲ አሮጌውን እናውጣው» አለችው። አቧራውን ጠርገው ቢያበሩት መሣሪያው እየዘገየም ቢሆን ተነሣ፤ ጽሑፉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደኅና ሁኖ ተገኘ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ሞቱባቸው እናታቸው የጻፉት፥ ልጆቹ ከአንደበታቸው ሰምተውት የማያውቁት ምዕራፍ በዚያ ውስጥ ነበር። ልጅቱ በመጀመሪያ ሁሉን በወረቀት አተመችው፤ ቀጥሎ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለሰችው፤ የተሳሳተውንም ፊደል ከወረቀቱ ጋር እያመሳከረች ብዙ ሌሊት አርማ ጨረሰችው። አሮጌው መሣሪያ በዚያ ሰሞን ለቈራሌው ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ግን የአያቲቱ ታሪክ አብሮ በሄደ ነበር።

ስለዚህ ሥርዓተ ክወና ለመለወጥ ያሰበ ቤተ ሰብ የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቅመዋል።

አንደኛ፥ በኮምፒዩተሩ በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፤ እያንዳንዱም በአዲሱ ሥርዓት ይሠራ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ማተሚያውና የጽሑፍ ማንሻው ሳይቀር ይታሰብ።

ሁለተኛ፥ መዝገቡ ሁሉ በሁለት ቦታ ይገልበጥ፤ አንደኛው ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ በሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። መገልበጡ ብቻ አይበቃም፤ በሌላ መሣሪያ ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፥ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ጽሑፍ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ሁሉም ሥርዓት በሚያነበው አኳኋንም ይመዝገብ። ፒ. ዲ. ኤፍ. የተባለው የሰነድ ዓይነት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም አቀፍ ደረጃ ስላለው ለዚህ ይመቻል። እጅግ የከበረው ደግሞ በወረቀት ይታተም።

አራተኛ፥ ከመለወጥ በፊት ይሞከር። ብዙ የሊኑክስ ዓይነቶች በፍላሽ ላይ ተጭነው የቀድሞውን ሥርዓት ሳይነኩ ሊታዩ ይችላሉ። የፈረንሳዩ ሠራዊት እንዳደረገውም በመጀመሪያ ፕሮግራሞቹን፥ በኋላ ሥርዓቱን መለወጥ ልብን አያስደነግጥም።

አምስተኛ፥ የይለፍ ቃሎቹን ከአንድ ሰው ሌላ ሁለተኛ የታመነ የቤት ሰው ይወቃቸው። መክፈቻው የጠፋ ሣጥን ከሌለ ሣጥን አይሻልምና።

ስድስተኛ፥ በቤቱ ላሉት ሽማግሌዎች ጊዜ ይሰጣቸው። ለወጣቱ የአንድ ቀን ጨዋታ የሆነው ለውጥ ለእናት ወይም ለአባት የወር ድካም ሊሆን ይችላል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶግራፍ የሚያዩበት ምልክት ከቦታው ቢነሣ ጨርሰው ሊተዉት ይችላሉ። አጠገባቸው ተቀምጦ በትዕግሥት ማሳየት የልጆች ፈንታ ነው።

ሰባተኛ፥ አሮጌው መሣሪያ ቢያንስ ጥቂት ወራት ሳይጣል ይቈይ። በሚቈይበትም ጊዜ ማሻሻያ የማይደርሰው ከሆነ ከኢንተርኔት ተለይቶ ይቀመጥ።

ከዊንዶውስ፥ ከማክና ከሊኑክስ የትኛው ይበልጣል ለሚለን አንባቢ፥ ሁሉም በየሥራው መልካም አገልጋይ ነው ብለን እንመልሳለን። የፍርዱ መጀመሪያ ግን መሣሪያውን ማወዳደር ሳይሆን የቤትን መዝገብ መመርመር ነው። ጽሑፉና ፎቶግራፉ በየትም ሊነበብ በሚችል አኳኋን የተቀመጠለት ሰው ዛሬ በዊንዶውስ፥ ነገ በሊኑክስ ቢሠራ የሚያጣው ነገር ጥቂት ነው፤ ሲፈልግ ይሄዳል፥ ባይመቸው ይመለሳል። መዝገቡን ያላሰናዳ ሰው ግን የመሄጃው ቀን ሳያስበው ይደርስበታል። አዛዥ ይሾማል፥ ይሻራልም፤ የቤቱ መዝገብ ግን ከሹመቱም ከሽረቱም በኋላ ለልጆች መተላለፍ ያለበት ስለሆነ፥ አንባቢዎቻችን በዚህ ሳምንት አንድ ማታ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተቀምጠው የቀድሞ ጽሑፋቸውን አንድ በአንድ እየከፈቱ መነበቡን እንዲያረጋግጡ እናሳስባለን።